የከሃዲን ቅጣት የሚወስነው ማን ነው? «የትም አያመልጥም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የመንግሥትን ምስጢር የሸጠ የትም አያመልጥም» የሚል ሐተታ ሰሞኑን ብዙ አንባቢ ሲቀባበለው ነበር። ላላነበበው ጭብጡን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው የስለላ ድርጅቶች ከሃዲን ዘግይተውም ቢሆን መያዛቸው እንደማይቀር፣ የሚይዙትም በረቀቀ ጥበባቸው እንደሆነ ይነግሩናል። ቅጣቱ በየአገሩ ያው ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት ነው፤ ክብደቱም ሌላውን ስለሚያስፈራ ሥራውን ይሠራል ይላሉ። ከሃዲ ሁሉ የገንዘብ ባሪያ ነው፤ ምስጢርን ለጠላት በሸጠና ለጋዜጣ በሰጠ መካከልም ልዩነት የለም ባይ ናቸው። በመጨረሻም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ እንዲህ ያለ ክስ በዝግ ችሎት ታይቶ በፍጥነት ይቋጭ ብለው ይመክራሉ።

ብዕራቸው ይጥማል፤ ጽሑፉ ያን ያህል የተሰራጨውም በዚሁ ይመስለኛል። ነገር ግን ጸሐፊው የስለላ ድርጅቶች ስለ ራሳቸው የሚያስወሩትን ዝና እንደ ታሪክ መዝገብ ተቀብለውታል። መዝገቡ ሲገለጥ ሌላ ነገር ይነበባል። ምስጢር ያወጣ ሰው ይገደል፣ ይታሰር ወይስ በክብር ጡረታ ይውጣ የሚለውን የሚወስነው የጥፋቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ የትኛውን ገመናውን መሸፈን እንደሚፈልግ ነው። ወደ ነጥቦቹ ልግባ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አያመልጥም» ከሚለው እንጀምር። በ1961 ጆርጅ ብሌክ የተባለ የብሪታንያ የውጭ ስለላ ድርጅት፣ የኤምአይ6፣ ባልደረባ ለሶቪየት ኅብረት ሲሰልል መኖሩ ታውቆ ለንደን ላይ የ42 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው አገር አንቶኒ ብለንት ለዚያችው ለሶቪየት ኅብረት መሰለሉን ለመርማሪዎች አመነ። ብሌክ ሮተርዳም ተወልዶ ኋላ ብሪታንያ የገባ ሰው ነው። ብለንት ደግሞ የንግሥቲቱን የሥዕል ስብስብ የሚጠብቅ፣ «ሰር» የተባለ ስመ ጥር የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ነበር። ለብለንት ያለመከሰስ ዋስትና ተሰጠው። በሥራው ቀጠለ፣ ማዕረጉም አልተነካም። ሕዝቡ ጉዳዩን ያወቀው ማርጋሬት ታቸር በ1979 ለምክር ቤቱ ሲናገሩ ነው፤ ያኔ ማዕረጉ ተገፈፈ፣ እስር ቤት ግን አንድ ሌሊት አላደረም። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ብለንት ችሎት ፊት ቢቆም ስለ ኪም ፊልቢ መጠየቁ አይቀርም ነበር። ፊልቢ በኤምአይ6 ውስጥ ከፍተኛ ሹም ሆኖ ለሞስኮ ሲሠራ የኖረና በጃንዋሪ 1963 ከቤይሩት ሾልኮ የጠፋ ሰው ነው። ያ ውርደት ገና ሳይጠግ ሌላ መጋረጃ መግለጥ ማንም አልፈለገም። ብሌክም ቢሆን 42 ዓመቱን አልጨረሰም፤ በ1966 መወጣጫዎቹ ከሹራብ መሥሪያ ዘንግ በተሠሩ የገመድ መሰላል የእስር ቤቱን ግንብ ተሻግሮ አመለጠ፣ ሞስኮ ገብቶም በ98 ዓመቱ በ2020 ሞተ።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ከዚህም ይብሳል። ቴዎዶር ሆል በሎስ አላሞስ የአቶሚክ ቦምቡ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ሳይንቲስቶች በዕድሜ ትንሹ ነበር ማለት ይቻላል፤ በ1944 ስለ ቦምቡ አሠራር ለሶቪየቶች መረጃ ማቀበል የጀመረው ሃያ ዓመት ሳይሞላው ነው። አሜሪካኖች «ቬኖና» በተባለው ፕሮጀክት የሶቪየትን የምስጢር ቴሌግራሞች ሲፈቱ ስሙን አገኙት። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ በ1951 ጠርቶ ጠየቀው፤ ሆል አላመነም፤ በሰላም ተሸኘ። ክስ ለመመሥረት የተፈታውን ቴሌግራም ፍርድ ቤት ማቅረብ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ደግሞ ኮዱ መሰበሩን ማወጅ ነው። የሚገርመው፣ ሞስኮ ጉዳዩን አስቀድማ ታውቅ ነበር፤ ቬኖናን በዋሽንግተን ሳለ እንዲያየው ከተደረጉት የብሪታንያ ሹማምንት አንዱ ፊልቢ ነበርና። ስለዚህ ምስጢሩ የተጠበቀው ከጠላት ሳይሆን ከራስ ሕዝብ ነበር። ሆል ኋላ ካምብሪጅ ሄዶ በምርምር ሥራ ኖረ፣ በ1999 አረፈ። የአቶሚክ ምስጢር በማቀበል ሴራ የተከሰሱት ጁሊየስና ኤቴል ሮዘንበርግ ግን በጁን 1953 በኤሌክትሪክ ወንበር ተገድለዋል። ኤቴልን በችሎት ያስወነጀላት የወንድሟ የምስክርነት ቃል ሲሆን፣ ወንድሟ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሚስቱን ለማትረፍ ሲል በሐሰት መመስከሩን ተናግሯል። ጸሐፊው የሮዘንበርጎችን ስም በጉልህ ጽፈዋል፤ የሆል ስም በጽሑፋቸው ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ነጥባቸው የረቀቀ ጥበብ የሚሉት ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ጽሑፉ ይበልጥ የሚያሳስተው በዚህ ነጥብ ነው።

አልድሪች ኤምስ የአሜሪካ የውጭ ስለላ ድርጅት፣ የሲአይኤ፣ የፀረ ስለላ ባልደረባ ነበር። በኤፕሪል 1985 ዋሽንግተን በሚገኘው የሶቪየት ኤምባሲ በር በእግሩ ገብቶ ለመረጃው 50 ሺህ ዶላር ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ለሲአይኤ ይሠሩ የነበሩ ሶቪየቶች አንድ በአንድ እየታፈሱ ተረሸኑ። ድርጅቱ ግራ ተጋባ፤ ኮዱ ተሰብሮ ይሆን፣ ኤምባሲው ውስጥ ማዳመጫ ተቀብሮ ይሆን እያለ ዓመታት አሳለፈ። በእነዚያ ዓመታት ኤምስ ከ70 ሺህ ዶላር ያነሰ ዓመታዊ ደመወዝ እየተከፈለው የ540 ሺህ ዶላር ቤት ያለ አንዳች ብድር ገዝቷል፤ ጃጓር መኪና ይነዳል፤ ጥርሱን ሳይቀር አሳምሯል። በ1986 እና በ1991 የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ፣ ፖሊግራፍ፣ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ጊዜ አልፏል። ጸሐፊው «ሊዋሽ የማይችል መሣሪያ» እያሉ ያሞገሱት ይህንኑ ዕቃ ነው።

እንዴት ተያዘ? ሳንዲ ግራይምስ የተባለች የድርጅቱ ባልደረባ በአንድ ወገን ኤምስ በሥራ ስም ከሶቪየት ዲፕሎማቱ ከሰርጌይ ቹቫኪን ጋር ምሳ የበላባቸውን ቀኖች፣ በሌላ ወገን በባንክ ሒሳቡ ጥሬ ገንዘብ ያስገባባቸውን ቀኖች ጎን ለጎን ደረደረች። ሜይ 17 ቀን 1985 ምሳ፤ ሜይ 18 ቀን 9 ሺህ ዶላር ገቢ። ቀጣዩ ምሳ፣ ቀጣይ ገቢ። ዝርዝሩ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ይህ ጥበብ ከተባለ የጠንቃቃ ሒሳብ ሠራተኛ ጥበብ ነው። ዝርዝሩ የተሠራው በ1992፣ ኤምስ የተያዘው በፌብሩዋሪ 1994 ነው፤ ከክህደቱ ዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የሞተው ሰው ሁሉ ከሞተ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የሮበርት ሃንሰን ነው። ሃንሰን የኤፍቢአይ ሰው ሆኖ ከ1979 ጀምሮ፣ በመሐል እያቋረጠ፣ እስከ 2001 ለሞስኮ ሲሠራ ኖሯል። ኤፍቢአይ በውስጥ የሚያፈስ ሰው እንዳለ ሲገባው ጥርጣሬውን ያሳረፈው በሌላ ድርጅት ሰው ላይ ነበር፤ በሲአይኤ ባልደረባ በብራያን ኬሊ ላይ። ቤቱን በስውር ሲበረብሩ አንድ በእጅ የተሠራ የመናፈሻ ካርታ አገኙ፤ በላዩ ላይ ሰዓቶች ተጽፈዋል። የዕቃ መቀባበያ ቦታዎች ካርታ ነው ብለው ደመደሙ። ሰውየው ለጤናው ሲሮጥ በየምዕራፉ የፈጀበትን ደቂቃ የመዘገበበት ነበር። ፖሊግራፍ ፈተኑት፤ አለፈ፤ ማለፉ የሥልጠናው ጥልቀት ምልክት ነው ተባለ። አንድ ሰው የውጭ አገር ሰላይ መስሎ በሩን አንኳክቶ «ደርሰውብሃል፣ ሽሽ» እንዲለው ላኩበት፤ ኬሊ በማግሥቱ ሄዶ ለመሥሪያ ቤቱ አመለከተ፤ ይህም ብልጠት ነው ተባለ። ከሥራው አግደው ልጆቹንና እህቶቹን ሳይቀር መረመሩ። እንግዲህ ፖሊግራፍን ኤምስ ሲያልፍ ንጹሕነቱን አረጋገጠ፣ ኬሊ ሲያልፍ ጥፋተኛነቱን አረጋገጠ ማለት ነው!

ኬሊን ነጻ ያወጣው የመርማሪዎቹ ጥበብ አይደለም። ኤፍቢአይ የሶቪየት የስለላና የጸጥታ ድርጅት ለነበረው ለኬጂቢ ይሠራ ለነበረ አንድ ሰው 7 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከሞስኮ የወጣ ፋይል ገዛ። በውስጡ የስልክ ንግግር ቅጂ ነበር። መርማሪዎቹ የኬሊን ድምፅ ሲጠብቁ የራሳቸውን ባልደረባ ድምፅ ሰሙ። ሰላዩ ዕቃ የጠቀለለበት የቆሻሻ ላስቲክም ከፋይሉ ጋር ነበር፤ የሃንሰን የጣት አሻራ ተገኘበት።

ጸሐፊው ያላነሱት ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ከሃዲን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስይዘው ሌላ ከሃዲ ነው። ብሌክን ያጋለጠው ከፖላንድ ስለላ የከዳ ሹም ነበር። ለአርባ ዓመት ገደማ ለሞስኮ የሠራችው እንግሊዛዊት ሜሊታ ኖርዉድ በ1999 በ87 ዓመቷ የታወቀችው ቫሲሊ ሚትሮኪን ከኬጂቢ ቤተ መዛግብት በእጁ ገልብጦ ባወጣው ማስታወሻ ነው፤ እሷም አልተከሰሰችም። ስለዚህ የስለላ ድርጅት በአንድ እጁ ክህደትን በሚሊዮን እየገዛ በሌላው ክህደትን ያንቃል። በሁለት ቢላ የሚበላው ሰላዩ ብቻ አይደለም። የአንዱ አገር ከሃዲ የሌላው አገር ጀግና በሆነበት ሥራ ውስጥ «ክህደት ከኃጢአት ሁሉ የከፋ ነው» የሚለው የጸሐፊው ስብከት ማንን እንደሚመለከት ግልጽ አይደለም። ለብሪታንያ ሲሰልል የኖረው የኬጂቢ መኮንን ኦሌግ ጎርዲየቭስኪ በ1985 በብሪታንያ ዲፕሎማቶች መኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ ተኝቶ የፊንላንድን ድንበር ሲሻገር፣ ሞስኮ በሌለበት ሞት ፈረደችበት፤ ለንደን ደግሞ ኒሻን ሰጠችው። በማርች 2025 እንግሊዝ ውስጥ በ86 ዓመቱ ዐረፈ።

ወደ ቅጣቱ ልለፍ። «በየአገሩ ያው ነው» የሚለው በቀላሉ ይፈርሳል። የአቶሚክ ቦምቡን ዝርዝር ለሶቪየቶች በመስጠት ከማንም በላይ የጎዳው ክላውስ ፉክስ በ1950 ብሪታንያ ውስጥ የተፈረደበት 14 ዓመት ነው፤ መረጃው የተሰጠው ለጦርነት ጊዜ ወዳጅ አገር ስለነበር ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ታስሮ ወጣና ምሥራቅ ጀርመን ገብቶ ሳይንቲስትነቱን ቀጠለ። ለእስራኤል የሰለለው አሜሪካዊው ጆናታን ፖላርድ ደግሞ ለወዳጅ አገር ሠርቶ 30 ዓመት ታስሯል።

የማስፈራቱ ነገር ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ጸሐፊው ለምዕራባውያን በመሰለሉ በ1963 የተረሸነውን የሶቪየት ወታደራዊ ስለላ፣ የጂአርዩ፣ ኮሎኔል ኦሌግ ፔንኮቭስኪን ጠቅሰው «ከዚያ ወዲያ ማን ይደፍራል?» ይላሉ። የደፈሩት ብዙ ናቸው። ድሚትሪ ፖሊያኮቭ የተባለው ሌላ የጂአርዩ መኮንን ለአሜሪካ መሥራት የጀመረው ፔንኮቭስኪ ሳይያዝ በፊት ነው፤ ባልደረባው ተረሽኖም ሥራውን ቀጥሎ እስከ ጄኔራልነት ደርሷል። የአዶልፍ ቶልካቼቭ ነገር ደግሞ የጸሐፊውን ሐሳብ ገልብጦ ያሳያል። ቶልካቼቭ ለተዋጊ አውሮፕላን ራዳር የሚሠራ ሞስኮ የሚኖር መሐንዲስ ነበር። የሚስቱ እናት በስታሊን ዘመን በ1938 ተረሽናለች፤ አባቷ ወደ ጉልበት ሥራ ካምፕ ተግዟል። ቶልካቼቭ ለሲአይኤ በጻፈው ደብዳቤ ይህን የቤተሰቡን ታሪክ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። ለሥራው ከጠየቃቸው ነገሮች መካከል ለልጁ የሮክ ሙዚቃ ቅጂዎችና ለራሱ፣ ከተያዘ የሚውጠው መርዝ ይገኙበታል። ቅጣቱን ያውቀዋል፤ ዋጋውንም አስቀድሞ ተምኗል። ያነሣሣውም መንግሥቱ ከብዙ ዓመታት በፊት «ከሃዲ» ብሎ በሌሎች ላይ የፈጸመው ቅጣት ነው። በ1985 ተያዘ፣ በቀጣዩ ዓመት ተገደለ፤ የተያዘውም ከሲአይኤ ተባርሮ ቂም በያዘ ሰው ጥቆማ እንደሆነ ይታመናል።

ከፍርድ ቤት ውጭ የሚፈጸመውን ቅጣት ጸሐፊው «የረጅም ክንድ» ብለው በአድናቆት ያልፉታል። ወደ ብሪታንያ የሸሸው የቀድሞ የሩሲያ ጸጥታ መኮንን አሌክሳንደር ሊትቪኔንኮ በኖቬምበር 2006 ለንደን ሆቴል ውስጥ ፖሎኒየም 210 የተባለ ጨረር አመንጪ መርዝ በሻይ ጠጥቶ ከሦስት ሳምንት ስቃይ በኋላ ሞተ። ሰርጌይ ስክሪፓል ግን ይለያል። ለብሪታንያ በመሰለሉ በ2006 ሩሲያ ውስጥ 13 ዓመት ተፈርዶበት፣ በ2010 በይፋ ምሕረት ተደርጎለት በእስረኛ ልውውጥ የወጣ ሰው ነው። በማርች 2018 ሳልስበሪ በሚገኘው ቤቱ የበር እጀታ ላይ ኖቪቾክ የተባለ የነርቭ መርዝ ተቀባ። ብሪታንያ የሩሲያን ወታደራዊ ስለላ ከሰሰች፤ ሞስኮ አስተባበለች። ስክሪፓልና ሴት ልጁ ተረፉ። የሞተችው መርዙ የተያዘበት የሽቶ ጠርሙስ ከአራት ወር በኋላ እጇ የገባ ዶውን ስተርጀስ የተባለች የአካባቢው ሴት ናት፤ የማንንም ምስጢር አታውቅም። ጸሐፊው ስለ ስክሪፓል አንድ አንቀጽ ሲጽፉ ስለ እሷ አንዲት ዐረፍተ ነገር አልጻፉም።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ አልልም። ኤምስ በእርግጥ ለገንዘብ ነው የሸጠው። አና ሞንቴስ ግን በአሜሪካ የመከላከያ ስለላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለኩባ 16 ዓመት ያህል ስትሠራ በእምነቷ ነበር፤ ፊልቢም፣ ሆልም እንዲሁ። ጎርዲየቭስኪ ልቡ የሸፈተው በ1968 የሶቪየት ታንኮች የቼኮዝሎቫኪያ ዋና ከተማ ፕራግ ሲገቡ ነው። ደመወዝ በመጨመር ብቻ እነዚህን ማስቀረት አይቻልም ነበር።

ለጠላት የሸጠና ለጋዜጣ የሰጠ አንድ ነው ለሚለው፣ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ሲወዛገቡ ኖረዋል። ክላይቭ ፖንቲንግ የተባለ የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን በፎክላንድ ጦርነት ስለሰመጠችው የአርጀንቲና መርከብ ለአንድ የምክር ቤት አባል ሰነድ ላከ። በ1985 ችሎት ቀረበ፤ ዳኛው «የሕዝብ ጥቅም» ማለት የዕለቱ መንግሥት የወሰነው ነው የሚል መመሪያ ለዳኞች ጉባኤው ሰጡ፤ ተራ ዜጎች የተቀመጡበት ጉባኤ ግን ነጻ ብሎ ለቀቀው። መንግሥት ምን አደረገ? በ1989 አዲስ ሕግ ሲያወጣ ያን የመከላከያ በር ዘጋው። አሜሪካ ውስጥም በ1917 የወጣው የስለላ ሕግ ተከሳሹ ለምን ሰነዱን እንዳወጣ ለዳኞች እንዲያስረዳ ዕድል አይሰጥም። ዳንኤል ኤልስበርግ የቬትናምን ጦርነት ሰነዶች ያወጣበትን ምክንያት ሊናገር ሲል ዐቃቤ ሕግ ተቃወመ፣ ዳኛውም ተቃውሞውን ተቀበሉ። ኋላ ክሱ በ1973 የተዘጋው የመንግሥት ሰዎች የኤልስበርግን የአእምሮ ሐኪም ቢሮ ሰብረው መግባታቸው ስለታወቀ ነው።

ሕጉ ለሁሉም እኩል ይሠራል የሚል ሰው ደግሞ ሁለት ፍርዶችን ያነጻጽር። ሪያሊቲ ዊነር በ2018 አንድ የምስጢር ዘገባ ለጋዜጠኞች በመላኳ አምስት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባት። የሲአይኤ ዳይሬክተር የነበሩት ጄኔራል ዴቪድ ፔትሬየስ ግን የጦርነት ዕቅድና የሰላዮች ማንነት ጭምር ያለባቸውን ስምንት የማስታወሻ ደብተሮች የሕይወት ታሪካቸውን ለምትጽፍ ሴት ሰጥተው፣ በመርማሪዎችም ፊት ዋሽተው፣ በ2015 የተፈረደባቸው የሁለት ዓመት ገደብና 100 ሺህ ዶላር ነው። ልዩነቱን የሚያስረዳኝ ካለ ምስጢሩ በምን እንደሚመዘን ይንገረኝ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለሚሉት ጄምስ አንግልተንን ላስታውሳቸው። ሁሉን የጠረጠረም ተመንጥሯል። አንግልተን የሲአይኤ የፀረ ስለላ ኃላፊ ሆኖ ከ20 ዓመት በታች ያልተቀመጠ ሰው ነው። የዋሽንግተን የምሳ ጓደኛው ፊልቢ ሰላይ ሆኖ ሲገኝ ጥርጣሬው ልክ አጣ። ቤት ውስጥ ያለው ከሃዲ ስሙ በኬ ፊደል ይጀምራል የሚል ጥቆማ ስለመጣ፣ ስማቸው በዚያ ፊደል የሚጀምር ንጹሐን መኮንኖች ከሥራ ተባረሩ ወይም ዕድገታቸው ተዘጋ፤ ኋላ ምክር ቤቱ ሕግ አውጥቶ ካሣ ከፈላቸው። ከኬጂቢ የከዳው ዩሪ ኖሴንኮ «የተላከ ነው» ተብሎ ያለ ክስ 1,277 ቀን ታሰረ፤ ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ለእሱ ብቻ በተሠራ የኮንክሪት ክፍል ውስጥ ነው። ኋላ ንጹሕ ነው ተብሎ ለዚያው ድርጅት አማካሪ ሆነ። አንግልተን በ1974 መጨረሻ ሲባረር፣ ከራሱ ክፍል ባልደረቦች አንዱ ሰርጎ ገቡ አንግልተን ራሱ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥናት አቅርቦ ነበር።

የቀረው የዝግ ችሎቱ ምክር ነው። በዝግ የታየና በፍጥነት የተቋጨ ክስ ለሚፈልጉ የቨርነር ቴስከ ጉዳይ አለላቸው። በጃንዋሪ 1979 ቨርነር ስቲለር የተባለ የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት፣ የስታዚ፣ መኮንን በሻንጣ ሙሉ ሰነድ ይዞ ወደ ምዕራብ ከዳ። ድርጅቱ እንዲያ ተዋርዶ አያውቅም። ስቲለርን ሊይዙት አልቻሉም፤ ኋላ አሜሪካ ገብቶ በባንክ ሥራ ኖሯል። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ዘርፍ ይሠራ የነበረው ሻምበል ቴስከ ሰነዶችን ቤቱ ወስዶ ማስቀመጡ ታወቀ። ወደ ምዕራብ ለመሄድ አስቦ ነበር፤ ግን አልሄደም፤ አንድም ወረቀት ለማንም አልሰጠም። በጁን 1981 በዝግ ወታደራዊ ችሎት ሞት ተፈረደበት፤ በዚያው ወር በ26ኛው ቀን ላይፕዚግ ውስጥ ከኋላው በሽጉጥ ተገደለ። ሞቱም በምስጢር ተያዘ። በምሥራቅ ጀርመን የተፈጸመ የመጨረሻው የሞት ቅጣት ይኸው ነው። ፍርዱ በ1993 ተሻረ፤ የሚሽረው ችሎት የተገኘውም የፈረደው መንግሥት ራሱ ከፈረሰ በኋላ ነው።